ስንት አዳር ነው?



በመርካቶ አውቶቡስ ተራ ዙሪያ ካሉት ማደሪያ ቤቶች ወደ አንዱ የገባ መንገደኛ ገና ሻንጣውን ከትከሻው ሳያወርድ «ስንት አዳር ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ስሙ፣ የመጣበት አገርና የመታወቂያው ቁጥር ከዚያ በኋላ ይከተላሉ። ለአንድ አዳር ከሆነ ሒሳቡን ወዲያው ይከፍላል፤ ለሳምንት ከሆነ ዋጋው ይቀነስለታል፤ ለወር ከሆነ ደግሞ «ቋሚ» ይባልና ከሌሎቹ ተለይቶ ይያዛል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአዲስ ከተማ በአንድ አነስተኛ አልቤርጎ ለጥቂት ዓመታት መዝገብ ያዥ ሆኜ ስለሠራሁ፣ ይህን ጥያቄ ስንት ሺህ ጊዜ እንደጠየቅሁ አላህ ያውቃል።

ማንኛውም ሙያ የራሱ ቋንቋ አለው። አናጢው፣ ልብስ ሰፊው፣ ሾፌሩ ሁሉ በየራሳቸው ቃላት ይግባባሉ። የማደሪያ ቤት ሥራም እንዲሁ ነው። ታዲያ የዚህን ሙያ ቃላት ለሙስሊም ቤተሰቦች ማቅረብ ምን ይጠቅማል? ትሉ ይሆናል። ጥቅሙ ይህ ነው፤ በክፍያም ይሁን በነፃ ቤቱን ለመንገደኛ የከፈተ ሰው ያንን መንገደኛ በምን ስም እንደሚጠራው ለይቶ ካላወቀ መብቱን ሊጠብቅለት አይችልም። ዲናችን ለመንገደኛ ስም ሰጥቶታል፤ ከስሙም ጋር መብት ቆርጦለታል።

ቃላቱ ከየት መጡ?

መርካቶ የጣሊያን ቃል ነው፤ ገበያ ማለት ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ጣሊያኖች በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረውን የአገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍተው ዛሬ ወዳለበት ሥፍራ አዛወሩት። «አልቤርጎ»ም ከዚያው ቋንቋ የተገኘ ነው፤ ሕዝባችን አሳጥሮ «ቤርጎ» ይለዋል። «ፔንሲዮን»ም ዘሩ ከዚያው ነው። «ሆቴል» የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ምግብ ቤት ማለት ሆኖ ስለቀረ፣ ማደር የፈለገ ሰው «አልጋ አለ?» ብሎ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል።

የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚሉት «አልቤርጎ» ሥሩ ከጥንታዊ ጀርመናውያን ነገዶች ቋንቋ ሲሆን፣ መጀመሪያ የጦር ሠራዊት መጠለያ ማለት ነበር። የሚገርመው በአማርኛም «ሰፈር» የሚለው ቃል ታሪኩ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ሰፈር ማለት ሠራዊት ወይም መንገደኛ የሚሰፍርበት ቦታ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መኳንንቱ ከነሠራዊታቸው ድንኳን የተከሉባቸው ቦታዎች ናቸው ብዙዎቹ «የእገሌ ሰፈር» እየተባሉ የቀሩት። በዐረብኛ ደግሞ «ሰፈር» ጉዞ ማለት ሲሆን ተጓዡ «ሙሳፊር» ይባላል። ሁለቱ ቃላት በድምፅ ይመሳሰላሉ እንጂ ትርጉማቸው ይለያያል። ሆኖም ጎን ለጎን ላስቀመጣቸው ሙስሊም ትልቅ ማስታወሻ አላቸው፤ ቋሚ መኖሪያችን ብለን የምንመካበት ቦታ ስሙ የመጣው ከድንኳን ነው!

አውቶቡስ ሳይመጣ በፊት በአገራችን ረጅሙን የንግድ መንገድ ያቀኑት ሲራራ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። በግመልና በበቅሎ ጭነው፣ በየገበያው ዳርቻ ሰፍረው ያድሩ ነበር። ፋርሶች እንዲህ ያለውን የነጋዴ ጉዞ «ካርዋን» ይሉታል። አውሮፓውያን ቃሉን ወስደው «ካራቫን» አሉት፤ ዛሬ በእንግሊዝ አገር ካራቫን ሲባል በመኪና የሚጎተት ቤት ማለት ሆኗል። በአሜሪካም በጎማ ላይ የተሠራ ቤታቸውን እየነዱ የሚዞሩ ሰዎች አዳራቸውን የሚያቆሙባቸው ግቢዎች አሉ። የእነዚህ ግቢዎች የሙያ ቃላት በአብዛኛው የሚናገሩት ስለ መስመር ነው፤ ውኃ፣ ኤሌክትሪክና የቆሻሻ ፍሳሽ ሦስቱም ከቤቱ ጋር ከተገናኙ «ሙሉ ሁክአፕ» ይባላል፤ አንዱም ካልተገናኘ «ደረቅ» ይባላል። ዋጋው በዚያው ይለካል። እኛም በመርካቶ «ሽንት ቤት ያለው»፣ «የጋራ»፣ «ሙቅ ውኃ ያለው» እያልን ዋጋ እንቆርጣለን። እነዚህ ሁሉ ስለ ክፍሉ የሚናገሩ ቃላት ናቸው። በክፍሉ ውስጥ ስለሚያድረው ሰውስ ምን ቃል አለን?

ደንበኛ ወይስ እንግዳ?

ለሚያድረው ሰው ሁለት ቃላት አሉን። «ደንበኛ» የሚመላለስ፣ የሚታወቅ ከፋይ ነው። «እንግዳ» ግን በአማርኛ ሁለት ትርጉም አለው፤ የማይታወቅ ባዕድ ሰውም እንግዳ ነው፣ በክብር የምንቀበለው ሰውም እንግዳ ነው። የመርካቶ አልጋ አከራይ ከፋዩን ሁሉ «እንግዳ» ብሎ ይጠራል፤ «ሦስት ቁጥር እንግዳ ገብቷል፣ አንሶላ ይቀየር» ይላል። ቃሉ ከአፍ የሚወጣው በልማድ ነው። ይሁን እንጂ በሙስሊም አፍ ሲነገር ኃላፊነት አለበት።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ በአላህና በመጨረሻው ቀን የሚያምን ሰው እንግዳውን እንዲያከብር አዘዋል። ልዩ መስተንግዶው የአንድ ቀንና ሌሊት፣ መስተንግዶው በጠቅላላው ሦስት ቀን እንደሆነ፣ ከዚያ በላይ ያለው ሶደቃ እንደሚሆን አስተምረዋል። እንግዳውንም ባለቤቱን እስኪያስጨንቅ ድረስ እንዳይቆይ ከልክለዋል። ልብ በሉ! የተቀባዩም የተስተናጋጁም መብት በአንድ ሐዲስ ተቀምጧል። በማደሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ስለ መግቢያና መውጫ ሰዓት ተለጥፎ የምናነበው ሕግ ለኛ ባዕድ አይደለም።

የፊቅህ ሊቃውንትም «ስንት አዳር ነው?» ብለው ጠይቀዋል። በሻፊዒይ መዝሀብ መንገደኛ የገባበትንና የሚወጣበትን ቀን ሳይቆጥር አራት ቀን በአንድ ቦታ ለመቆየት ከነየተ «ሙቂም» ማለትም ነዋሪ ይሆናል፤ ሶላቱን አሟልቶ ይሰግዳል። በሐነፊይ መዝሀብ ገደቡ አሥራ አምስት ቀን ነው። ከዚያ በታች የነየተው ሙሳፊር ነው፤ ባለ አራት ረከዓዎቹን ሶላቶች ሁለት ሁለት አድርጎ መስገድ ተፈቅዶለታል። በታላቁ አንዋር መስጊድ ከነዋሪ ኢማም ኋላ ከሰገደ ግን አራቱንም ይሞላል። እንግዲህ ለሁለት አዳር ዕቃ ሊገዛ ከደሴ የመጣ ነጋዴና ልጁን ሆስፒታል አስተኝቶ አንድ ወር የሚከርም አባት በአንድ ኮሪደር ቢያድሩም፣ በሸሪዓ ዘንድ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። መዝገባችን «አዳር» እና «ቋሚ» ብሎ የሚለያቸው ለሒሳብ ነው፤ ሸሪዓ የለያቸው ለእዝነት ነው።

ኢብኑ ሰቢል

አንድ ምሽት፣ ከመግሪብ በኋላ፣ አንዲት እናት ከልጃገረድ ልጃቸው ጋር ወደ ቤቱ ገቡ። ከጅማ በኩል የመጡ ናቸው። ልጅቱ ለሥራ ወደ ዐረብ አገር እንድትሄድ ታስቦ፣ አውቶቡስ ተራ ይቀበላችኋል የተባለው ደላላ ስልኩን ዘግቷል። በእጃቸው የቀረው ገንዘብ የአንድ አዳር ሒሳብ እንኳ አይሞላም። በዚያ ምሽት የቀረን አንድ አልጋ ብቻ ነበር፤ እርሱም ቀደም ሲል ደውሎ «ያዙልኝ» ላለ የረጅም ጊዜ ደንበኛ የተያዘ ነው።

ሁላችንም «ሐጂ» እያልን የምንጠራቸው የቤቱ ባለቤት ተጠርተው መጡ። እናትየዋን «እህቴ፣ አይዞሽ፣ ቁጭ በይ» አሏቸው። ቀጥሎ ወደኔ ዞረው፣ «ቃል የተገባበት አልጋ አይነካም፤ ዐህድ ነው። እነርሱ ወደኔ ቤት ይሄዳሉ» አሉ። ባለቤታቸውን አስጠርተው እናትና ልጅን ከእርሳቸው ጋር ላኳቸው። እኔም መዝገቡን ልዘጋ ስል ከለከሉኝ። «ጻፋቸው እንጂ! ነገ ዘመድ ቢፈልጋቸው የት እንደገቡ ይታወቅ» አሉኝ። ስማቸውንና የመጡበትን አገር ጻፍኩ። በሒሳቡ ዓምድ ምን ልሙላ ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ኢብኑ ሰቢል በል» አሉኝ።

ኢብኑ ሰቢል ማለት በቀጥታ ሲፈታ የመንገድ ልጅ ማለት ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ተውባ 60ኛው አንቀጽ ዘካ ሊሰጣቸው የሚገባቸውን ስምንት ወገኖች ሲዘረዝር በመጨረሻ የጠቀሰው እርሱን ነው። በአገሩ ሀብታም ቢሆን እንኳ፣ ጉዞው ለኃጢአት እስካልሆነ ድረስ፣ መንገድ ላይ ገንዘቡ ያለቀበት ሰው ወደ አገሩ የሚያደርሰውን ያህል ከዘካ ይሰጠዋል። እዚህ ላይ አንድ ጥበብ አለ። ድህነት ሰውየው የሚታወቅበት ስም አልሆነም፤ በመንገድ መሆኑ ብቻ መብት አስገኘለት። ሐብል የተቆረጠበት ባለጸጋ እንኳ ከመንገድ ዳር ሲቀር የኛ ኃላፊነት ነው።

ሐጂ በማግሥቱ ወደ አንድ ዓሊም ዘንድ ሄደው፣ ያልተከፈላቸውን የመኝታ ሒሳብ ከዘካቸው ማሰብ ይችሉ እንደሆነ ጠየቁ። በብዙሃኑ ዑለማ ዘንድ ዕዳን መተው ሶደቃ እንጂ ዘካ እንደማይሆን፣ ዘካ ለባለመብቱ በእጁ መሰጠት እንዳለበት ተነገራቸው። ስለዚህ የአዳሩን ሒሳብ ለአላህ ብለው ተዉት። የጅማውን የመሳፈሪያ ገንዘብ ግን ከዘካቸው ቆጥረው በእናትየዋ እጅ አኖሩ። ልጅቱም በደላላ እጅ ሳትወድቅ፣ በሦስተኛው ቀን ጧት፣ ከእናትዋ ጋር ወደ አገርዋ ተሳፈረች። አልሐምዱሊላህ።

ይህ የሐጂ ሥራ ከሰማይ የወረደ አዲስ ነገር አልነበረም። ሙስሊሞች በየዘመኑ ለመንገደኛ ማደሪያ ሲሠሩ ኖረዋል። ከኛ አካባቢ ዒልም ፍለጋ ወደ ካይሮ የዘለቁ ጀበርቲዎች በአል-አዝሀር «ሪዋቁል ጀበርት» የሚባል የራሳቸው ማደሪያ ነበራቸው። የታዋቂው የታሪክ ጸሐፊ የዐብዱራሕማን አል-ጀበርቲ አባቶች የዚህ ሪዋቅ ሸይኾች ሆነው አገልግለዋል። የአንድ ትልቅ ዓሊም ቤተሰብ የመንገደኛ ተማሪዎችን ማደሪያ መምራትን እንደ ክብር ይዞት ነበር ማለት ነው።

በመዝገብ የማይገባው ኪራይ

የማደሪያ ቤት ሥራ ሐላል ሥራ ነው። ነገር ግን በሙያው ውስጥ አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ አንድ አሳፋሪ ቃል አለ፤ ክፍሉን ለሰዓታት ብቻ ማከራየት «ሾርት» ይባላል። ስም አይመዘገብም፣ ከየት መጣህ አይባልም፣ አዳር የለውም። ከአዳር ይልቅ ገንዘቡ ይበልጣል፤ አንድ አልጋ በአንድ ቀን ሦስትና አራት ጊዜ ይከራያልና። ነገሩ ለምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያሻኝም። በኃጢአት ላይ መተባበርን ቁርአን ከልክሎናል። ቤተሰብ በእናቱና በእህቱ ላይ አልቤርጎ የሚለውን ቃል ማንሳት የሚያፍረውም በዚሁ ሥራ ምክንያት ነው። የቃሉን ስም ያጎደፉት ቤቶች ለእውነተኛው መንገደኛ በሩን ዘግተውበታል። በሙስሊም ባለቤትነት ሥር ያለ ቤት ይህንን ኪራይ ሲተው ትርፉ እንደሚቀንስ የታወቀ ነው። ነገር ግን ከጅማ የመጣች እናት ልጅዋን ይዛ ሳትፈራ የምትገባበት ቤት ይሆናል። ሪዝቅን የሚሰጠው አላህ ነው።

የድንኳኖቹ ከተማ

ውድ አንባቢያን፣ የአዳር ቃላት ሁሉ ተሟልተው የሚገኙበት አንድ ሸለቆ አለ፤ ሚና ነው። በሐጅ ወቅት ከመቶ ሺህ በላይ ድንኳኖች ተተክለው ይታያሉ። መግቢያው በዙልሒጃ 8ኛ ቀን፣ በየውሙ ተርዊያ ነው። በአያሙ ተሽሪቅ ሌሊቱን እዚያው ማደር «መቢት» ይባላል። ከዚያ ወጥቶ መሄድ ደግሞ «ነፍር» ይባላል። በ12ኛው ቀን የሚሄድ ሰው ነፍሩ የመጀመሪያው፣ በ13ኛው ቀን የሚሄድ ነፍሩ ሁለተኛው ነው። በ12ኛው ቀን ሊሄድ አስቦ ሳይወጣ ፀሐይ የጠለቀችበት ሰው በብዙሃኑ ዑለማ ዘንድ ያድራል። አዳር፣ ቆይታ፣ የመውጫ ሰዓት! ሁሉም ወደ ዒባዳ ተለውጠዋል።

የሚናን አገልግሎት በሚመለከትም ትምህርት አለ። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አጎት ዐባስ (ረ.ዐ.) ለሐጃጆች ውኃ የማጠጣት ሥራ ስለነበራቸው፣ የሚናን ሌሊቶች በመካ እንዲያድሩ ተፈቅዶላቸዋል። እንግዳን የሚያገለግል ሰው ምን ያህል ክብር እንዳለው ከዚህ ይታያል። ቲርሚዚይ በዘገቡት ሌላ ሐዲስ ደግሞ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሚና ጥላ የሚሆን ቤት እንሥራልዎት ሲባሉ እምቢ ብለው፣ ሚና ቀድሞ ለደረሰ ሰው መስፈሪያ እንደሆነች ተናግረዋል። በሐዲሱ ሰነድ ላይ ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት አላቸው፤ የሚያስተላልፈው ሐሳብ ግን ለሁላችንም ግልጽ ነው። መንገደኞች በጋራ በሚያድሩበት ቦታ ማንም አጥር አጥሮ የግሉ አያደርገውም።

የሰፈር አያያዝ አማና መሆኑን ሚና በከባድ መንገድም አስተምራናለች። ሚያዝያ 7 ቀን 1989 ዓ.ም. በዚያው በየውሙ ተርዊያ የተነሳ እሳት 70 ሺህ ያህል ድንኳኖችን አቃጥሎ፣ በመንግሥት በተገለጸው ቁጥር 343 ሐጃጆች ሞተዋል። አላህ ይዘንላቸው። ከዚያ በኋላ በድንኳን ውስጥ በጋዝ ማብሰል ተከለከለ፤ እሳት የማይዘው ድንኳንም ተተከለ። የመርካቶም ማደሪያ ቤቶች በእንጨትና በቆርቆሮ ተጠጋግተው የተሠሩባቸው መንደሮች አሉ። ክፍል ውስጥ ከሰል የሚያነድ እንግዳን በጨዋነት መከልከል፣ የመውጫውን በር በዕቃ አለመዝጋት፣ የተበላሸ የኤሌክትሪክ ገመድን ማስጠገን፣ እነዚህ ሁሉ የእንግዳው መብቶች ናቸው።

ለቤተሰቦች

ዛሬ የክፍለ ሀገር አውቶቡሶች መናኸሪያ በአውቶቡስ ተራ ብቻ አይደለም፤ ላምበረትና ቃሊቲም አሉ። መንገደኛው ግን ያው ነው። አልቤርጎ የሌላችሁም ብትሆኑ የእንግዳ ቃላት ይመለከቷችኋል።

አንደኛ፣ ከገጠር ዘመድ ሲመጣ «ስንት ቀን ትቆያለህ?» የሚለውን ጥያቄ በመጀመሪያ ምሽት አትጠይቁት። ለመዝገብ ያዥ የሚገባ ጥያቄ ነው፤ ለወንድም ልጅ ግን እህል ቀርቦ፣ እግር ታጥቦ፣ ሌሊቱ ካለፈ በኋላ ይሻላል። ቤታችሁ አንዲት ክፍል ብቻ ከሆነችና ማሳደር ካልቻላችሁ ደግሞ በሩ ላይ አትሸኙት፤ አብራችሁ ሄዳችሁ ጨዋ ቤት ፈልጉለት። ከቻላችሁ የመጀመሪያውን አዳር ክፈሉለት።

ሁለተኛ፣ ቂብላውን አሳዩት። ከአዲስ አበባ ቂብላ ወደ ሰሜን ነው፤ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። በማያውቀው ክፍል ውስጥ በሌሊት የነቃ ሰው ይህችን ሲያውቅ ልቡ ይረጋል። አልጋ የምታከራዩም ብትሆኑ በየክፍሉ ጣራ ሥር ትንሽ ቀስት መሳል ወጪ የለውም።

ሦስተኛ፣ ዘካችሁን ስታከፋፍሉ ኢብኑ ሰቢልን አትርሱ። ፊቱ የማይታወቅ፣ በሰፈራችሁ የማይኖር፣ ነገ የማታገኙት ሰው ስለሆነ በቀላሉ ይረሳል። ልጆቻችሁንም ይህን ስም አስተምሯቸው፤ በመናኸሪያ በር ላይ ተደናግጦ የቆመ ሰው ሲያዩ ምን ብለው እንደሚጠሩት ይወቁ።

አራተኛ፣ እናንተም በሰው ቤት ስታድሩ መልካም እንግዳ ሁኑ። ሐዲሱ ባለቤቱን አታስጨንቁ ያለው ለእናንተም ጭምር ነው። ጉዳያችሁን ስትጨርሱ ወደ ቤተሰባችሁ ለመመለስ ቸኩሉ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጉዞ የቅጣት ክፍል እንደሆነ ገልጸው፣ ጉዳዩን የፈጸመ መንገደኛ ወደ ቤቱ እንዲፈጥን መክረዋል።

በዚህች ዱንያ ሁላችንም መዝገብ ላይ ነን። ሙስሊም በዚህ ዓለም እንደ ባዕድ ወይም መንገድ እንደሚያቋርጥ ሰው እንዲሆን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) ትከሻቸውን ይዘው መክረዋቸዋል። የአዳራችን ቁጥር ተጽፏል፤ እኛ አናውቀውም። የምናውቀው ሌላ መንገደኛ በራችንን ሲያንኳኳ ምን መልስ እንደሰጠነው ብቻ ነው።

አላህ ለመንገደኛ ሁሉ ደኅንነትን፣ ለቤታችን በረካን ይስጥልን። በመጨረሻው ቀንም በማያልፈው ማረፊያው ካስተናገዳቸው ባሮቹ ያድርገን። አሚን። ወቢላሂ ተውፊቅ።